ሰው የሌለበት ፎቶ

«እሷው ትሁን» አለ አባቴ። «ባል የላትም፣ ልጅ የላትም። ማን ይከለክለናል?»

ከታናሽ ወንድሙ ከሴንዳውላ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ደግሞ ከመጋረጃው በስተጀርባ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የጧቱ ብርሃን ሳሎኑ ውስጥ እስከ የት እንደሚገባ እያየሁ ነበር። ሆን ብዬ ጆሮዬን ብደቅን ኖሮ እንኳ እንዲያ ጥርት ብሎ አይሰማኝም ነበር። አጎቴ ሴንዳውላ ጉሮሮውን ጠራረገና «የከተማ ልጅ ናት፤ እንቢ ብትልስ?» አለ። አባቴ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ የሚያወራ ይመስል ረጋ ብሎ «እንደ ደንቡ ትጠየቃለች፤ መልሷንም እናያለን» አለው። ደግ ነው፣ ይጠይቁኝ አልኩ በሆዴ። መልሴ ዝግጁ ነበር። እንቢ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ለማንም እንቢ ብዬ የማላውቅ ልጅ ስለሆንኩ ቃሉን አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ ጣዕሙን ወደድኩት።

በእኛ በጋንዳዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ሞቱ ከሬሳው ጋር ከቤት አይወጣም። ሬሳው ይቀበራል፣ ለቀስተኛው ይበተናል፣ ሞቱ ግን ወንበር ይዞ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። የሚወጣው ቀን ተቆርጦለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ለሟች ወራሽ ሲተከልለት ነው። ሟቿ ሴት ከሆነች ወራሿ የወንድሟ ልጅ ናት። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ከዛፍ ቅርፊት ተቀጥቅጦ የሚሠራውን ቡናማ ጨርቅ ትለብስና ሟቿን ሆና ትነሳለች። ይህ ለአፍ ያህል የሚባል ነገር አይደለም። ጢማቸው የሸበተ የሟች ልጆች «እናቴ» ይሏታል፣ ከሟች ጋር የተጣላ ከእሷ ጋር ይታረቃል፣ የሚዳሩ ልጃገረዶችን የምትመክረው እሷ ናት፣ የቤተሰቡ ጭቅጭቅ ሁሉ እሷ ደጃፍ ያድራል። የአክስቴ የሴንጋ ፎይቤ ሞት የሚወጣው የሚመጣው ቅዳሜ ነበር፤ ሴንጋ የምንለው የአባትን እህት ነው። ሁለት ዓመት እዚህ ናቴቴ ያለው ቤቷ ውስጥ አስታምሜያታለሁ፤ አጥቤያታለሁ፣ አገላብጫታለሁ፣ በማንኪያ አብልቻታለሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ከዘመዶቼ ያገኘሁት «ጎበዝ ልጅ ናት» የሚል ቃል ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ለድካሜ ራሷን ሴትዮዋን ሊሰጡኝ ነው።

እንቢ የምልበት ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛውን ለማንም ብናገረው አያሳፍረኝም። ኦኬሎ የሚባለው ጓደኛዬ ሩቅ ጉሉ ከተማ ፎቶ ቤት ሊከፍት ነው፤ «ነይና አብረን እንሥራ» ብሎኛል፣ እኔም ልሄድ ነው። ወራሽ ግን ቤቷን ጥላ አትሄድም። ሁለተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገርኩትም። ሴንጋ ፎይቤ ልትሞት ስትል ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። እጄን ያዘችና በጠራ ድምፅ «ካጊሙ አፈር አያልብሰኝ» አለች። ካጊሙ የበኩር ልጇ ነው። ጌታን ከተቀበለ በኋላ አንድ ቀን መጥቶ እናቷ ያለበሰቻትን የቅርፊት ጨርቅ ከሣጥን አውጥቶ፣ የአጋንንት ነው ብሎ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ላምባ አርከፍክፎ አቃጠለው። እሷ በመስኮት ቆማ እያየች ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን አልጠራችም፣ እሱም አልመጣም፣ ስትታመምም አልመጣም። በቀብሩ ዕለት ግን መጀመሪያ አፈር የበተነው እሱ ነው፤ በኩር ነዋ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ምን እላለሁ? ዝም አልኩ። ቤት ስመለስ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ኮሪደሩ ውስጥ ነበር።

አሁንም አለ። ሻይ በምታፈላበት ሰዓት ከመኝታ ቤቷ ይወጣል፣ ቀኝ እግሯን ስለምትጎትት አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ይቆማል። የጎረቤት ቧንቧ ነው፣ አይጥ ነው፣ ድካም ነው እያልኩ ራሴን አሞኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ስኒ እየቀዳሁ ራሴን አገኘሁት። እፈራለሁ። ምንጣፉ ላይ ብቀመጥ በሩ ላይ የሚቆመው ነገር ገብቶ እኔ ውስጥ ይቀመጣል ብዬ እፈራለሁ። ከእሷም ይበልጥ ያንን ቃሏን ይዛ እንዳትገባ ነው የምፈራው።

ከአልጋ የሚያስነሳኝ የኦኬሎ ውድድር ብቻ ነበር። በስልካችን አንድ ቡድን አለን፤ በየሳምንቱ እሱ ርዕስ ይሰጣል፣ እኛ አንድ አንድ ፎቶ እንልካለን፣ እሱ ያለ ርኅራኄ ይሰድበናል። በር አንስተናል፣ ዝናብ አንስተናል፣ ጥላ አንስተናል። የዚህ ሳምንት ርዕስ ዕቃ ነበር። ድምፁን ቀድቶ ላከ፤ «ስሙኝ እናንተ ሰነፎች። ጠረጴዛም ይሁን ወለል፣ ጥቂት ዕቃ፣ የአንድ መስኮት ብርሃን። ሰው አይግባ፣ እጅ አይግባ፣ ድመት እንኳ አትግባ። ባለፈው ዓመት ዶሮ የላከው ሰውዬ ራሱን ያውቃል፤ ዶሮ ግዑዝ የምትሆነው ድስት ውስጥ ስትገባ ነው።» ሳቅሁ። ያን ሰሞን የሚያስቀኝ እሱ ብቻ ነበር።

ፍራፍሬ ያለበት ፎቶ አምሮኝ መንገድ ዳር የምትሸጠው ማማ ሪታ ዘንድ ወረድኩ። አቮካዶና ፓሽን ፍሩት ክምር ክምር አድርጋ በፕላስቲክ ሳህን ደርድራለች። አንድ ክምር በሺህ ሽልንግ ነው፤ ትናንትም ሺህ ነበር፣ ዛሬ ግን ክምሩ አንሷል።

«ቀነሰ እኮ ማማ ሪታ።»

«ዝናቡን ጠይቂው። ለጭማቂ ነው?»

«ለፎቶ ነው።»

«ፍራፍሬ ፎቶ ልታነሺ? ምነው፣ መታወቂያ ሊያወጡ ነው?» ብላ ከጎኗ ያለችውን ቲማቲም ሻጭ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ሁለቱም ሳቁብኝ። እኔም እየሳቅሁ መምረጥ ጀመርኩ። ጥቂት ቆይታ ማማ ሪታ ሳቋን አቆመች። እጄን ነበር የምታየው። እያንዳንዱን ፍሬ አንስቼ፣ በአውራ ጣቴ ከሥሩ ጫን አድርጌ፣ አፍንጫዬ ጋ አስጠግቼ እመልሰው ነበር፤ በግራ እጄ። እኔ ግራኝ አይደለሁም።

«ሴንጋሽ እንዲህ ነበር የምታደርገኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስንቴ ተጣልተናል መሰለሽ፤ ፍሬዬን አታላሽቂብኝ እያልኩ።» ሳልጠይቃት ሁለት ፓሽን ፍሩት መረቀችልኝ። ምርቃቷ አላስደሰተኝም። ዳገቱን ስወጣ ፌስታሉን በቀኝ እጄ አጥብቄ ይዤ ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴና አጎቴ አልነበሩም። ሳሎኑ ጥግ፣ ልክ መስኮቱ ሥር፣ ጧት ያልነበረ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ በላዩ አዲስ ቅርጫትና የታጠፈ የቅርፊት ጨርቅ ተቀምጧል። ለቅዳሜው የሚያስፈልገውን ዕቃ ገዝተው አስቀምጠው ድንኳን ሊከራዩ ሄደዋል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምን አስባለሁ? የአያቴ ወራሽ ሲተከል እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ የሰማሁት የዘፈኑንና የጥጃውን ወሬ ነው። ብርሃኑ ግን እዚያው ጥግ ላይ ነበር ያረፈው። ከተማውን ዞሬ ብፈልግ እንደዚያ ያለ ብርሃን አላገኝም።

ጨርቁን ፈታሁና ከበስተኋላ እንዲሆን መስኮቱ ደፍ ላይ ሰቅዬ ወደ ምንጣፉ ለቀቅሁት። መዳብ የመሰለ ቡናማ ነው፣ አያብረቀርቅም፣ ብርሃኑን ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። ፍራፍሬዎቹን ቅርጫቱ ውስጥ ደረደርኩ፣ አነሳሁ፣ አየሁት፤ የሆቴል ማስታወቂያ ሆነብኝ። ቀነስኩ። አንድ ብቻ አስቀረሁ። አሁንም ውሸት ነው። ሁሉንም አውጥቼ ባዶውን ቅርጫት ለብቻው ባየው ይሻላል አልኩና የሴንጋን ስኒ ከጎኑ አስቀመጥኩ። ጆሮው ወደ ግራ መዞር እንዳለበት ሳላስብ አዞርኩት። አንድ ነገር ጎደለ። ወጥ ቤት ገባሁ፤ ማቶኬ የምንለውን የሚቀቀል ሙዝ የምትልጥበት፣ በመሳል ብዛት ቀጥኖ የሸንበቆ ቅጠል ያከለው ቢላዋዋ ከግድግዳው ተሰክቷል። አምጥቼ ቅርጫቱ ውስጥ አጋደምኩት። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ። አነሳሁ። ደጋግሜ አነሳሁ። አንዲት ሴት አሁን ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ ጓዳ የገባች ይመስል ነበር።

ቀና ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላውቅም። እንደ ወጋችን ተንበርክኬ ሰላም አልኩት። ሰላምታዬን ተቀበለ እንጂ እኔን አላየኝም፤ ዓይኑ ምንጣፉ ላይ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። እንግዲህ መጣ አልኩ፣ አሁን ይጠይቀኛል፤ እንቢታዬን ምላሴ ጫፍ ላይ አደረግሁት።

«ሻይ አለ?» አለ።

ቀዳሁለት። ቆሞ ጠጣው። ስኒውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። አባቴ ለእኔ ዕቃ በሁለት እጁ ሰጥቶኝ አያውቅም፤ እርጅና ነው አልኩ። ባርኔጣውን ሳያጠልቅ ወጣ። በጣም ተናደድኩ። ከጧት ጀምሮ እንቢታ ታጥቄ ተቀምጫለሁ፣ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ደፍረው ፊት ለፊት እንኳ አይጠይቁኝም፣ ቅዳሜ ሰው ሰብስበው በጉልበት ሊያስቀምጡኝ ነው ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

ፎቶውን ለቡድኑ ላክሁት። ኦኬሎ ወዲያው ይሳደባል ብዬ ስጠብቅ ከብዙ ቆይታ በኋላ ድምፁ መጣ፣ ቀልድ የሌለበት ድምፅ፤ «ናማጌምቤ፣ ሰው አይግባ አላልኩም? እዚህ ፎቶ ውስጥ ሰው አለ።» የት ነው ያለው ብዬ ጻፍኩለት። «እኔ እንጃ። ስኒውን አየሁ፣ ጨርቁን አየሁ፣ አሰፋሁት፣ ማንም የለም። ግን ተቀምጣለች። ባክሽ ሰኞ ወደ ጉሉ ነይ፤ እዚያ ቤት ብዙ ቆየሽ።» ስልኩን ደፋሁት። ከኮሪደሩ የነጠላ ጫማው ድምፅ መጣ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። የሻይ ሰዓት አልነበረም።

በሩ ሲንኳኳ እግዜር ይስጥልኝ ነው ያልኩት፤ የሚያንኳኳ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። ካጊሙ ነበር። ያቺን ጨርቅ ካቃጠለ ወዲህ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ምልክት ደረቱ ላይ አለ፣ ጫማውን ደጃፍ አውልቆ በካልሲ ቆሟል። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ስወለድ እሱ ጢም ያበቅል ነበር። ሁልጊዜ «አንቺ ትንሿ» ነበር የሚለኝ።

«አባትሽ ደወለልኝ» አለ። «መለሰች አለኝ።»

«ምኑን?»

«የተጠየቅሽውን ነዋ።»

«ማንም አልጠየቀኝም። ከጧት ጀምሮ እየጠበቅሁ ነው፣ አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»

ወደ ምንጣፉ በአገጩ አመለከተኝ። «ያን ቅርጫት ማን አስቀመጠው?»

«አጎቴ ይመስለኛል።»

«ቢላዋውንስ ማን ጨመረበት?»

ወደ ቢላዋው ዞርኩ። እሱ ከእኔ ይልቅ የደነገጠ መሰለ። «አታውቂም እንዴ? በአፍ አይጠየቅም እኮ። ‹ሙት ሁኚልን› ተብሎ በአፍ እንዴት ይጠየቃል? ቅርጫቱን ያስቀምጣሉ፣ ቤቱን ለቀው ይወጣሉ። ያልፈለገች ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ማንም ምንም አይላትም፣ ሌላ ይፈለጋል። የፈለገች ከወጥ ቤት ቢላዋ አምጥታ ታኖርበታለች። እናቴ አክስቷን ስትወርስ እንዲሁ ነው ያደረገችው፤ ስንቴ አውርታኛለች።»

«ለፎቶ ነው ያደረግሁት» አልኩት። ድምፄ የልጅ ሆነ።

«ለፎቶ?»

«ለውድድር ነው። ብርሃኑ እዚያ ስለነበረ።»

ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው፣ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቀረ። «በይ እንግዲያው ቢላዋውን አውጪና ስቀዪው። አባትሽን እኔ አናግረዋለሁ፤ ልጅቱ አታውቅም ነበር እለዋለሁ። ሽማግሌ ይቆጣል፣ ይበርድለታል። ጉሉ ልትሄጂ ነው አሉ፣ ሂጂ። ይህን ነገር እኔ ራሴ አላምንበትም።» ደግ ነገር ነበር ያደረገልኝ። በሩ ተከፍቶልኛል፤ ቅርጫቱን አንስቶ ምስማሩ ላይ መስቀል ብቻ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

«ብቻ ከማንሳትሽ በፊት» አለ ካጊሙ።

ከዚያ ተንበረከከ። ያ ትልቅ ሰውዬ በካልሲው፣ ሲሚንቶው ላይ፣ በምንጣፉ ፊት ለፊት ተንበረከከ። «ፓስተሬ ቢያየኝ ከጉባኤ ያስወጣኛል» አለ። «የምለውን ለማን እንደምል አላውቅም። ሌላ የምለው ሰው ግን የለኝም። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ጸለይኩ፣ ጾምኩ፤ እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል፣ እሱን አውቃለሁ። እሷ ግን ይቅር ማለቷን ማን ይነግረኛል? መስኮቱ ላይ ቆማ እያየችኝ ነው ያቃጠልኩት። እሳቱ ካለቀ በኋላ ልትሰድበኝ ጠበቅሁ፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። እናቴ፣ ይቅር በይኝ።»

ያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ኮሪደሩን ጨርሶ ከበስተጀርባዬ መጥቶ ቆመ። ዞሬ አላየሁም። እውነቱን ልንገረው? እናትህ አልማረችህም፣ አፈር አያልብሰኝ ብላ ነው የሞተችው፣ ይህን የምታውቅ እኔ ብቻ ነኝ ልበለው? ይህን ካልኩት ከዚያ ሲሚንቶ መቼም አይነሳም። እኔ ናማጌምቤ ነኝ፣ ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም ብዬ ልመልሰው? ያኔ ደግሞ የሟች እንቢታ እስከ ዘላለሙ እንቢታ ሆኖ ይቀራል። ያን ቃል ማንሳት የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ እሷም ሞታለች፤ ቦታዋ ግን መስኮቱ ሥር ባዶውን ነበር። ልጇን ጠላችው ብዬ አላምንም። ቆይታ ቢሆን ኖሮ ትምረው ነበር ብዬ ነው የማምነው። ላረጋግጥ ግን አልችልም፣ እሷም አላረጋገጠችልኝም።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ጨርቁን ከመስኮቱ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። የጭስና የእርጥብ እንጨት ሽታ አለው።

«ተነስ፣ ልጄ» አልኩት። «ተቃጠለ፣ አለቀ። በልተሃል?»

ድምፄ የእሷ ድምፅ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሆነም። የራሴ ድምፅ ነበር፣ የለመድኩት፣ ትንሽ ጎርነን ያለው። ከሁሉም የበለጠ ያ አስፈራኝ። ካጊሙ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ፣ እኔም የሸበተ ራሱን ዳሰስኩት። የተረፈ ማቶኬ በለውዝ ወጥ አሙቄ አቀረብኩለት። ልጅ እንደሚበላ እየተቻኮለ በላ፣ ሳህኑን በጣቱ ጠረገ፣ አፉን አብሶ «እናቴ፣ ልሂድ» አለኝ። ሂድ አልኩት። ከኮሪደሩ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ቀን በኋላም ተሰምቶኝ አያውቅም።

ለኦኬሎ ምን እንደምጽፍለት ሳወጣ ሳወርድ ፀሐይ ጠለቀች። በመጨረሻ «አልመጣም» ብዬ ጻፍኩለትና ስልኩን አጠፋሁት። አለቀስኩ። ለጉሉ አለቀስኩ፣ ላልተከፈተው ፎቶ ቤት፣ ስሟ በር ላይ ሊጻፍላት ለነበረው ለናማጌምቤ። አባቴ ይምጣልኝ ብዬ ተመኘሁ። አንድ ጊዜ፣ እንደ በፊቱ፣ ነይ ልጄ ምን ሆነሽ ቢለኝ የቀረውን እችለዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

መብራት ሳይበራ መጣ። በሩን ከፈትኩለትና እንደ ወትሮዬ ልንበረከክ ጉልበቴን ሳጥፍ ክርኔን ይዞ አስቆመኝ። ሴንጋ ፎይቤ ታላቁ ነበረች፤ ለታናሽ ወንድሟ አትንበረከክም። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ጫማውን ነበር የሚያየው።

«እህቴ» አለኝ፤ ቃሉ ተሰብሮ ነው የወጣው። «እንዴት ዋልሽ?»

«አባባ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ግን አላነሳውም። «ቅዳሜ ሰው ፊት ምላሴ እንዳይተሳሰርብኝ ልለማመደው ብዬ ነው» አለ። «ቆይ፣ እንደገና ልበለው።»

እንደገና አለው። ሁለተኛው ቀለለው።